ማጨጃው እንዴት ጠፋ?

በአዲስ አበባ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ የሣር ማጨጃ ማሽን በዓመት የሚሠራው ሦስት ወይም አራት ወር ነው። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና ሰርዶው ይነሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ካልታጨደ እግር ይውጣል፤ መስከረም ሲጠባ ግቢው ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንዲያምር የዓመቱ የመጨረሻ ትልቅ አጨዳ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ማሽኑ ከነግማሽ ታንከር ቤንዚኑ ወደ ዕቃ ቤት ይገፋል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት፣ ስምንት ወር ሙሉ፣ እዚያው አቧራ ይጠጣል። በሰኔ ወጥቶ ገመዱ ሲሳብ አይነሳም። ወይም ይነሳና ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይጠፋል። ሰዉ ማሽኑ ክረምት ላይ የተበላሸ ይመስለዋል እንጂ ማጨጃ የሚበላሸው በበጋ፣ ቆሞ ሳለ ነው።

ይህ በቤቴልና በአየር ጤና የመኖሪያ ግቢዎች፣ በትምህርት ቤቶች፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ቅጥር ውስጥ በየዓመቱ የሚደገም ነገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በየመንገዱ ዳር የተዘረጋው አረንጓዴ መስክ ሲጨመርበት፣ በከተማችን በትንሽ የቤንዚን ሞተር ሣር እያጨዱ እንጀራ የሚበሉ ወጣቶች ቁጥር ቀላል አይደለም። ማሽኑ የቆመበት ወጣት ያን ቀን ገቢ የለውም። ብዙዎቹ የሚያደርጉት የመጀመሪያው ነገር ካቻቢቴ አንስቶ ካርቡራተር መፍታት ነው። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ያ ካቻቢቴ ለጥቂት ደቂቃ እንዲቆይ ነው። የጠፋ ሞተር አጠፋፉ ራሱ ይመሰክራልና፣ ብሎን ከመንካት በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ እንዴት ጠፋ? በድንገት ነው ወይስ እየደከመ? ድንጋይ መትቶ ነው ወይስ ሲሞቅ? ወይስ ጭራሹን አልተነሳም?

ጥያቄው ማሽኑ ሲጠፋ አጠገቡ ለነበረው ሰው መቅረብ አለበት። ጥገና ቤት የሚወስደው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው፤ ባለቤቲቱ ወይም ዘበኛው። «እትዬ፣ ሲጠፋ ምን ድምፅ አሰማ?» ተብለው ሲጠየቁ «እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ በቃ ቆመ» ይላሉ። ያጨድ የነበረው ልጅ ግን ያውቃል። ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለት ጀምሮ እንደነበር፣ ጥቁር ጭስ አውጥቶ እንደነበር፣ «ቋ» ብሎ እንደነበር ያስታውሳል። ልጁን ሳይጠይቁ ማሽኑን መፍታት ግማሹን ማስረጃ ጥሎ መጀመር ነው።

የሣር ማጨጃ ማሽን የተፈለሰፈው በእንግሊዝ አገር ነው፤ ኤድዊን በዲንግ የተባለ መሐንዲስ በጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሱፍ ጨርቅ ፀጉር የሚከረክመውን መሣሪያ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ያ ማሽን በሰው ጉልበት የሚገፋ ነበር። የዛሬው በሞተር የሚዞር አንድ አግድም ስለት ያለው ነው፤ ስለቱ በደቂቃ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል ይዞራል። ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው ስለት ላይ ሲሰላ ጫፉ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል ማለት ነው። ይህን ቁጥር አስቀድሜ የጻፍኩት በምክንያት ነው፤ እጅን ወደ ስለቱ የሚያስጠጋ ሥራ ሁሉ የሚጀመረው የካንዴላውን ሽቦ ከካንዴላው ነቅሎ ወደ ጎን በማድረግ ነው። ሽቦው ካልተነቀለ ስለቱን በእጅ ማዞር ሞተሩን ሊያስነሳው ይችላል። በነጠላ ጫማ ማጨድ፣ ሕፃናት ባሉበት ግቢ ማጨድ፣ ስር የተጠቀጠቀ ሣር በጣት መጎልጎል፣ ሦስቱም ጣትና ዓይን ያስከፍላሉ።

አሁን ወደ ሞተሩ። ማንኛውም የቤንዚን ሞተር ለመነሳት አራት ነገር ይፈልጋል፦ አየር፣ ቤንዚን፣ እሳትና እመቃ። አንዱ ከጎደለ አይነሳም፤ አንዱ ከቀነሰ ይነሳና ይደክማል። ከአራቱ ብዙ ሰው የማያስበው አየሩን ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከኮልፌ ወደ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አቅጣጫ ሲወጣ ደግሞ ከፍታው 2,500 ሜትር ያልፋል። በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች፣ በ92 ገደማ የሚፈላልን ለዚሁ ነው። ወደ አገራችን የሚገቡት ማጨጃዎች ግን በአብዛኛው የተስተካከሉት ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አየር ነው። አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ እንዲነድ 14.7 ግራም አየር ይፈልጋል። ካርቡራተር ደግሞ አየሩን አይመዝንም፤ የሚያልፈው አየር በፍጥነቱ ቤንዚኑን በጠባብ ቀዳዳ ስቦ ያወጣል። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። የአምራቾቹ መመሪያዎች ራሳቸው ይህን ይናገራሉ፦ ካርቡራተሩ ተስተካክሎም ቢሆን የሞተሩ ጉልበት በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ዘወትር ከ1,500 ሜትር በላይ የሚሠራ ሞተር ለከፍታ የሚሆን ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ሒሳቡን ለኮልፌ ስንሠራው ሞተሩ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉን አጥቶ ነው ሥራ የሚጀምረው።

ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ማሽን ገዝቶ «ደካማ ነው፣ ተጭበረበርኩ» ይላል። እርጥብና ረጅም ሰርዶ ውስጥ አስገብቶት ሲጠፋበትም ችግሩን ሞተሩ ውስጥ ይፈልጋል። ችግሩ ሥራው ከጉልበቱ በላይ መሆኑ ነው። እኛ ከፍታ ላይ ያለ ሰው ስለቱን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ፣ የአጨዳውን ስፋት በግማሽ ቀንሶ፣ ጠዋት ጤዛው እስኪነሳ ጠብቆ ቢያጭድ ግማሹ «ብልሽት» አይኖርም። ክረምት ላይ ፀሐይ የሚወጣባትን ያችን ሁለት ሰዓት መጠበቅ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ሆኖም እርጥብ ሣር ከስለቱ በላይ ባለው ላሜራ ላይ ተጣብቆ ሲደርቅ ስለቱን እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ሞተሩም እየጮኸ፣ እየደከመ፣ ይጠፋል። በእንዲህ ዓይነት አጠፋፍ የመጀመሪያው መድኃኒት ማሽኑን ገልብጦ በእንጨት ማንኪያ መፋቅ ነው። ሲገለበጥ ካርቡራተሩና የአየር ፊልትሮው ወደ ላይ ይሁኑ። ወደ ታች ከሆኑ ኦሊዮው ወደ ሲሊንደሩና ወደ ፊልትሮው ይፈስሳል፤ ያኔ ገመዱ ድንጋይ የታሰረበት ያህል አልሳብ ይላል፣ ሰውም ሞተሩ የነከሰ ይመስለዋል።

ፊልትሮውስ? ስምንት ወር አቧራ ውስጥ የቆየ ፊልትሮ ቀድሞውንም የሳሳውን አየር ይበልጥ ያንቀዋል። አፈተሹ ከሁሉም ይቀላል፦ ፊልትሮውን አውጥቶ ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ ማስነሳት። ድምፁ ከጠራ ጥፋቱ ተገኘ። የስፖንጅ ፊልትሮ በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በጥቂት ኦሊዮ ርሶ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀቱ አይታጠብም፤ ይራገፋል፣ ካልሆነ ይቀየራል። ያለ ፊልትሮ ማጨድ ግን በኮልፌ አቧራ ፒስተኑን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ስለሆነ ለፍተሻ ካልሆነ በቀር አይደረግም።

ከአየር ቀጥሎ ቤንዚን ነው፤ በእኔ እምነት በሰኔ ከሚቆሙት ማጨጃዎች የብዙዎቹ ጥፋት እዚህ ይገኛል። ቤንዚን ይሻግታል ቢባል የሚያምን ሰው ጥቂት ነው፤ ግን ያረጃል። ቶሎ የሚተንኑት፣ ሞተርን በብርድ የሚያስነሱት ቀላል ክፍሎቹ ቀድመው ይጠፋሉ፤ የቀረው እየወፈረ ሄዶ በካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል። ቀዳዳው ከሚሊሜትር ያነሰ ስለሆነ ለመዘጋት ብዙ አይፈልግም። በክረምት ማለዳ፣ የአየሩ ሙቀት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ ያረጀ ቤንዚን ያለው ማሽን ገመዱ እስኪበጠስ ቢሳብ አይነሳም። ኢትዮጵያ በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መቀላቀል ጀምራ ነበር፤ በመጀመሪያ 5 በመቶ፣ በኋላ 10 በመቶ። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ከአየሩ እርጥበት ይስባል። ለመኪና ታንከሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚሞላ ብዙ አይጎዳም፤ ዓመቱን ቆሞ ለሚከርም ትንሽ ሞተር ግን ውሃው ተለይቶ ከታች ይቀመጣል፣ ነጫጭ ዝገትም ያወጣል።

ሌላው የቤንዚኑ አመጣጥ ነው። ማደያ በጀሪካን ለማንም አይቀዳም፤ ስለዚህ አንድ ሊትር የሚፈልገው አጫጅ ወጣት ከመኪና የተቀዳ ወይም በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል። በዚህ መንገድ የመጣ ቤንዚን ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት ቤንዚን ግልጽ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ ሩብ ሰዓት ማስቀመጥ፤ ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይታያል። ከዚያ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ማፍሰስ፤ ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ወረቀቱን ያለ ምልክት ይተወዋል፣ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የነካው ግን የቅባት ክብ ያስቀራል። ብርጭቆውም ጠርሙሱም ከምድጃና ከሲጋራ ርቀው፣ ደጅ፣ ከሕፃናት እጅ ውጪ ይሁኑ። ቤንዚን በውሃ ጠርሙስ መቀመጡ ራሱ አደጋ ነው፤ ሌላ ዕቃ ከሌለ ቢያንስ በጉልህ ይጻፍበት።

ቤንዚን ያጠረው ሞተር አጠፋፉ ይታወቃል። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ መልሶ ከፍ ይላል፤ ቾኩ ሲሳብ ይሻለዋል፣ ሲመለስ ይጠፋል። ቾክ አየሩን ስለሚቀንስ ነው የሚሻለው። ይህን ያየ ሰው ቀዳዳው ሳይጠብብ እንዳልቀረ መገመት ይችላል፤ ካርቡራተር የሚፈታው እንግዲህ አሁን ነው። የታችኛው ጽዋ በአንድ ብሎን ነው የተያዘው፤ የነዳጁ ቧንቧ ተዘግቶ፣ ከስሩ ዕቃ ተደርጎ ይፈታል። በጽዋው ውስጥ ቡናማ ሙጫ፣ ዝገት ወይም የውሃ ጠብታ ካለ መልሱ ተገኘ። ቀዳዳው በመርፌ ወይም በብረት ሽቦ አይጎረጎር። ነሐሱ ለስላሳ ነው፣ ብረት ያሰፋዋል፤ የሰፋ ቀዳዳ ደግሞ ያን ቤንዚን የሚበዛበትን የከፍታ ችግር ያባብሰዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር፣ ንጹሕ ቤንዚንና የጎማ መንፊያ አየር ይበቃሉ። አየሩ ሲነፋ ዓይን በመነጽር ይሸፈን። ትንሿ ጓርኒሲዮን ሳትቀደድ ትመለስ፤ ከተቀደደች ቤንዚን ያፈሳል።

ብዙ ባለሙያን ያደናገረ ሌላ አጠፋፍ አለ። ማሽኑ ጥሩ ተነስቶ አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ሠርቶ ይጠፋል፤ ትንሽ ካረፈ ይነሳል፤ እንደገና ይጠፋል። ካርቡራተሩ ታጥቧል፣ ካንዴላው ተቀይሯል፣ ለውጥ የለም። እዚህ ላይ የታንከሩን ክዳን ይመልከቱ። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ቅንጣት ቀዳዳ አለች። እሷ በአቧራና በሣር ብናኝ ከተደፈነች በወጣው ቤንዚን ምትክ አየር ስለማይገባ፣ አፉን ብቻ ከፍቶ ዘይት ሲያወርድ የሚታነቅ ጀሪካን የሚሆነውን ታንከሩም ይሆናል፤ ቤንዚኑ ይቆማል። ፍተሻው፦ ማሽኑ እንደጠፋ ወዲያው ክዳኑን መክፈት። ሲከፈት አየር ሲስብ ይሰማል፣ ሞተሩም በመጀመሪያው ስበት ይነሳል። ክዳኑ ተከፍቶም ካልተነሳና ግማሽ ሰዓት ቀዝቅዞ ብቻ የሚነሳ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ለካንዴላው እሳት ወደሚሰጠው ኮይል ይዞራል፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲሞቅ ይከፈታል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። አንዱ ቀዳዳዋን በመጥረግ ብቻ ይድናል፣ ሌላው ዕቃ ያስገዛል። ሁለቱን ሳይለዩ ገበያ መሄድ የሰውን ገንዘብ ማባከን ነው።

እሳቱን ማየት ቀላል ነው። ካንዴላው ተፈትቶ ከነሽቦው በፒንሳ ተይዞ የብረት ሰውነቱ ከሲሊንደሩ ብረት ጋር ይነካካል፤ ጥላ ቦታ ሆኖ ገመዱ ይሳባል። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ከታየ እሳት አለ። ይህ ሲደረግ የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ አይኑር፣ ካንዴላውም ከተፈታበት ቀዳዳ ይራቅ። ቀዳዳው የቤንዚን ጭጋግ ይተፋልና። የካንዴላው ቀለምም ብዙ ይናገራል። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት፣ ቤንዚን በዝቷል ወይም አየር አንሷል። እርጥብና ቤንዚን የሚሸት፣ ቾኩ ተስቦ ብዙ ስለተጎተተ ሰጥሟል፤ ደርቆ ይመለስ። ቅባት ያለው ጥቁር፣ ኦሊዮ በፒስተኑ ፋሻዎች እያለፈ ነው። ነጭና የተቃጠለ መልክ፣ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል። ፈዛዛ ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ አይነካ። የሁለቱ ጫፎች ርቀት በአብዛኞቹ ማጨጃዎች ላይ 0.7 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ይዞ መሄድና የጥርሱን ርዝመት ማስተያየት ይገባል፤ ጥርሱ የረዘመ ካንዴላ ፒስተኑን ይመታል።

ስለ ገበያው ካነሳን፣ የኮልፌ ሰው መርካቶ ጎረቤቱ ናት፤ ሱማሌ ተራም ሩቅ አይደለም። የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር ትንንሽ ሞተሮች ዕቃ በየሱቁ ሞልቷል፤ የማጨጃው ሞተርም ከእነሱ ጋር ይመሳሰላል። ካንዴላው፣ ገመዱ፣ የቤንዚን ቧንቧውና ኦሊዮው ሊጋራ ይችላል። ካርቡራተሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይገጥምም፤ የፓምፕ ሞተር ዘንጉ ወደ ጎን የተኛ ነው፣ የማጨጃው ወደ ታች የቆመ ነው፣ አሠራራቸውም በዚያው ይለያያል። በግድ ተገጥሞ የሚሠራ የሚመስለው ከሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

በድንገት፣ በድምፅ የጠፋ ማሽን ሌላ ታሪክ ነው። አሁን በኮልፌ ያልተሠራበት፣ ያልፈረሰበት መሬት ጥቂት ነው። ሣሩ ስር የኮብልስቶን ስባሪ፣ የፌሮ ቁራጭ፣ የማሰሪያ ሽቦ፣ የአጥር ሚስማር ተደብቋል። ስለቱ አንዱን ሲመታ «ቋ» ይልና ሞተሩ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ገመዱ ሲሳብ እጅ ይመታል፣ በማርሚታው በኩል ይተኩሳል፣ ግን አይነሳም። እሳት አለ፣ ቤንዚን አለ፣ አየር አለ። ጥፋቱ ያለው ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር በሚያስተካክለው ትንሽ ለስላሳ ብረት ላይ ነው። እሳቱን የሚያስነሳው ማግኔት ያለው ቮላኖው ላይ ስለሆነ፣ ያች ብረት በጥቂቱ እንኳ ስትቆረጥ ወይም ስትጎብጥ እሳቱ ከሰዓቱ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይወጣል። ብረቷ ለስላሳ የተደረገችው ሆን ተብሎ ነው፤ የምቱን ኃይል እሷ ወስዳ ተቆርጣ፣ ውዱን የሞተር ዘንግ ታድናለች። እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ የተቆረጠችውን በሚስማር ወይም በጠንካራ ብረት መተካት። ማሽኑ ይነሳል፣ ባለቤቱም ይደሰታል። በሚቀጥለው ድንጋይ ግን የሚቆረጥ ነገር ስለሌለ ዘንጉ ራሱ ይጣመማል፤ የተጣመመ ዘንግ ያለው ማጨጃ ደግሞ እየተንዘረዘረ የእጅ አጥንት ከማሳመሙ በላይ፣ ስለቱ ተፈትቶ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ከማጨድ በፊት ግቢውን በእግር ዞሮ ድንጋይና ብረት መልቀም የሥራው ክፍል ነው። ለሥራው ዋጋ ሲነጋገሩ ይህም ይታሰብ፤ አሠሪዎችም ልጁ «ገና አልጀመረም» ብለው አይቆጡ።

ገመዱ ጭራሽ የማይሳብ ከሆነ ደግሞ ከሞተሩ በፊት እጀታውን ይዩ። ብዙ ማጨጃዎች እጀታቸው ላይ ተጨብጦ የሚያዝ ዘንግ አላቸው፤ ሲለቀቅ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬን ይይዛል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ስለቱ እጀታው በተለቀቀ በሦስት ሰከንድ ውስጥ እንዲቆም ያስገድዳል። ከእጀታው ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ካቦ ሲዝግ ወይም ሲላላ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል፣ ማሽኑም «ሞተ» ይባላል። ካቦውን አጥብቆ ኦሊዮ ማጠጣት ይበቃል። ዘንጉን በሽቦ አስሮ መተው ግን እዚህም እዚያም ይታያል፤ እባካችሁ አታድርጉት። አጫጁ ተንሸራቶ ሲወድቅ እግሩን የሚያድነው ያ ፍሬን ብቻ ነው።

ገመዱ በተቃራኒው ያለ ምንም ክብደት ቀልሎ የሚሳብ ከሆነ እመቃ የለም። ይህ ከሁሉም የከፋው ዜና ነው፤ ወይ ፋሻው አልቋል፣ ወይ ቫልቩ አልዘጋም አለ፣ ወይ የሲሊንደሩ ራስ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል። በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ኦሊዮ ጠብ አድርጎ መሳብ ይለየዋል፦ ክብደቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ፋሻው ነው፣ ካልተመለሰ ከላይ ነው። ወደዚህ የሚያደርሰው በአመዛኙ የኦሊዮ ነገር ነው። የሚገፋው ባለ አራት ምት ማጨጃ የራሱ ኦሊዮ ማስቀመጫ አለው፣ የሚይዘውም ከግማሽ ሊትር ብዙ አይበልጥም፤ ያች ከጎደለች የሚተካት የለም። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠለው ማጨጃ ግን ብዙውን ጊዜ ባለ ሁለት ምት ነው፤ ማስቀመጫ የለውም፣ ኦሊዮው ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። አንድ ለሃምሳ ለተባለው ማሽን በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ለሃያ አምስት ለተባለው 40 ሚሊ ሊትር፣ ለባለ ሁለት ምት ተብሎ ከተሠራው ኦሊዮ። ሁለቱም ማሽን ባለበት ቤት ጠርሙሶቹ ይቀያየራሉ። ኦሊዮ ያልተቀላቀለበት ቤንዚን የገባበት የትከሻ ማጨጃ በደቂቃዎች ውስጥ ይነክሳል፤ የነከሰ ፒስተን ደግሞ በካቻቢቴ አይመለስም።

የከፍታውን ማስተካከያ በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። ቀዳዳው ለእኛ አየር ጠበብ ያለ ካርቡራተር የተገጠመለት ማጨጃ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ 1,200 ሜትር ቢወርድ፣ እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል፤ ይሞቃል፣ ፒስተኑም ሊቃጠል ይችላል። ማሽን ለዘመድ የሚልክ ሰው ይህን ይንገረው።

ከብት ያላቸውም ቤተሰቦች በክፍለ ከተማው ጥቂት አይደሉም። በማሽን የታጨደ ሣር ደቅቆና ታምቆ ስለሚወጣ ሲከመር ቶሎ ይሞቃል፣ ይቦካል፤ ቤንዚንና ኦሊዮ ሊነካውም ይችላል። ለላም አይሰጥ። ለላሟ በማጭድ የታጨደው ይሻላል።

የአሁኑ አንባቢ ይህን በየትኛውም ወር ሊያነበው ይችላል፤ ልመናዬ ግን ለጥቅምት ነው። የመጨረሻውን አጨዳ ሲጨርሱ ታንከሩን ባዶ ያድርጉ፤ ሞተሩን አስነስተው በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ይተዉት። ሲቀዘቅዝ ካንዴላውን ፈትተው አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ኦሊዮ ጠብ ያድርጉ፣ ገመዱን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ካንዴላውን ይመልሱ። ስሩን ፍቀው ያድርቁ፣ ፊልትሮውን ያጽዱ፣ በጆንያ ሸፍነው ያስቀምጡ። የሚያጭድልዎ ልጅ ካለ ይህን አብረውት ይሥሩ፤ የዚያንም ሰዓት ዋጋ ይክፈሉት።